እሷን ከእሷ ጋር ቡና ማጠጣት፦ አንዲት ተዋናይት ሁለት ሆና የምትታይበትን አጭር ፊልም በስልክ መቅረጽ

"ብሄድ ኖሮ" ወይም "ቀርቼ ቢሆን ኖሮ" የሚለውን ነገር ፊልም ማድረግ የማይፈልግ ጀማሪ አላጋጠመኝም። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ሥራው ግን አንድ ቦታ ሲደርስ ይሰበራል፦ ያቺው ሴት ሁለት ሆና አንድ ምስል ውስጥ ስትቀመጥ። መሃል ላይ መስመር ይታያል። ግድግዳው በግራ ነጭ፣ በቀኝ ቢጫ ይሆናል። አንዷ የሌላዋን ጆሮ እያየች ታወራለች።

እዚህ የምጠቀምበት ምሳሌ ቀላል ነው። አንዲት ሴት አዲስ አበባ፣ እናቷ ቤት ቡና ታፈላለች። ፊት ለፊቷ የተቀመጠችው ራሷ ናት። ቡና የምታፈላው የቀረችው ናት፤ እንግዳዋ በዲቪ የሄደችው። አሥር ደቂቃ የማይሞላ ፊልም፣ አንድ ክፍል፣ አንዲት ተዋናይት። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሂዱ። በተለይ 4ን ዘላችሁ 5 ላይ አትግቡ።

አስቀድማችሁ አዘጋጁ

- የማይነቃነቅ ትራይፖድ። ቀላል ከሆነ መሃሉ ላይ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በፌስታል አድርጋችሁ አንጠልጥሉበት።
- ለምስል አንድ ስልክ፣ ለድምፅ ሌላ ስልክ፣ አንድ ኢርፎን።
- ቁመታቸው እኩል የሆኑ ሁለት በርጩማዎች። "ተቀራራቢ" አይበቃም።
- ተተኪ። ተዋናይቷን በቁመት የምታክል ጓደኛ። ትወና አይጠበቅባትም፣ ማንበብና ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ።
- ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር።
- ባዶ ቦታ። አይፎን በ4ኬ ጥራት፣ በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲቀርጽ፣ በሚጨምቀው ፎርማት እንኳ፣ ለአንድ ደቂቃ 170 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። ቢያንስ 20 ጊጋባይት አስለቅቁ።
- ፓወር ባንክ፣ እና በባትሪ የሚሠራ መብራት። መብራት ኃይል የእናንተን ቀረጻ አይጠብቅም።

ደረጃ 1፦ መንገዱ የተለየበትን ጠዋት ምረጡ

ዲቪ ዕጣ ነው። "ለአንዷ ደረሳት፣ ለሌላዋ አልደረሳትም" ብላችሁ ከጻፋችሁ የጻፋችሁት ስለ ዕድል እንጂ ስለ ጸጸት አይደለም። ሰው የሚጸጸተው በገዛ እጁ ባደረገው ነገር ነው። ስለዚህ ለሁለቱም ይድረሳቸው።

"የማረጋገጫ ቁጥሩ ጠፋባት" የሚለውንም ተዉት። ቁጥሩ የጠፋበት ሰው ድረ ገጹ ላይ ስሙንና የልደት ቀኑን የመሰሉ መረጃዎች ሞልቶ መልሶ ሊያወጣው ይችላል። ዲቪ የሞላ ተመልካች ይህን ያውቃል፤ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ከፊልማችሁ ወጥቶ ይሄዳል።

የሚሠራው ይኼ ነው። የዲቪ ዓመት የሚያበቃው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 30፣ በእኛ መስከረም 20 ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ ቪዛ የለም። የኤምባሲ ቀጠሮዋን ከእንቁጣጣሽ በኋላ ባሉት ቀናት ላይ አድርጉት። በቀጠሮው ጠዋት እናቷ ታመመች። አንዷ ወደ ኤምባሲ ሄደች፣ ሌላዋ እናቷን ይዛ ሐኪም ቤት። ሌላ ቀጠሮ ለመጠየቅ ጊዜ የለም።

1. ያንን ጠዋት በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ሦስተኛ ካስፈለጋችሁ ታሪኩ ተወሳስቧል።
2. ለእያንዳንዷ ሌላዋ የሌላትን አንድ ነገር ስጧት። የቀረችው የእናቷን እጅ ይዛ ነበር። የሄደችው ለዚሁ ቤት ጣሪያ ማደሻ ገንዘብ ልካለች። የእናቷ መርዶ ግን አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የደረሳት፤ በማለዳ በሩ ሲንኳኳና አምስት ስድስት ሰው አንድ ላይ ቆሞ ስታይ ማንም ሳይነግራት ገባት።
3. ለሦስት ሰዎች አንብቡላቸውና "የትኛዋን መሆን ትመርጣላችሁ?" በሏቸው። ሦስቱም አንዷን ከመረጡ ስክሪፕቱ አዘንብሏል። ለሌላዋ ጨምሩላት።

ደረጃ 2፦ ሁለቱን በእጃቸው ለዩአቸው

የሄደችውን መነጽር አታልብሷት። "ኦ ማይ ጋድ" አታስብሏት። የቀረችውንም የተቀደደ ነጠላ አታከናንቧት። ይህ ሁሉ ታይቶ ያለቀ ነው።

ልዩነቱን ቤቱን በማወቅና ባለማወቅ አሳዩት። የቀረችው ስኳሩን ለማንሳት ዞር አትልም፤ እጇ ብቻውን ሄዶ ያገኘዋል። የሄደችው "ስኳሩ የት ነው?" ትላለች፣ በእናቷ ቤት። እጅ ልትታጠብ ስትነሳ ቧንቧውን ትከፍታለች፤ ቧንቧው አየር ብቻ ይተፋል። የቀረችው ምንም ሳትል ጀሪካኑን ታነሳለች። ይህን ካገኛችሁ ሁለት ገጽ ንግግር መሰረዝ ትችላላችሁ።

አንድ ዕቃም ምረጡ። እኔ ጠርዙ የተሸረፈ ስኒ እወዳለሁ። በአቦል የቀረችው እጅ ላይ ይሁን። በቶና መሃል ላይ። በበረካ ማን እጅ ላይ እንደሚሆን እናንተ ወስኑ። ሦስቱ ዙሮች የፊልሙን ክፍሎች ስለሚለዩላችሁ "ከዓመታት በፊት" የሚል ጽሑፍ አያስፈልግም። አንዱን ሕይወት ሰማያዊ፣ ሌላውን ቢጫ ቀለም መቀባትም አያስፈልግም።

ደረጃ 3፦ ክፍሉን ለሁለት ክፈሉ

ዘዴው ይህ ነው፦ ካሜራው ሳይነቃነቅ ሁለት ጊዜ ትቀርጻላችሁ፤ መጀመሪያ እሷ በግራ ተቀምጣ፣ ቀጥሎ በቀኝ። በኋላ የአንዱን ግራ ግማሽና የሌላውን ቀኝ ግማሽ ታጋጥማላችሁ። መጋጠሚያው ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ ይቆረጣል።

1. መጋጠሚያው በቁመት የሚሄድ ነገር ላይ ይረፍ፦ የበር መቃን፣ የቁም ሳጥን ጠርዝ። ልሙጥ ግድግዳ ትንሿን የብርሃን ለውጥ ስለሚያጋልጥ ይከብዳል።
2. በሁለቱ በርጩማዎች መካከል ክንድ ተዘርግቶ የማይደርስበት ክፍተት ተዉ። ተዋናይቷን አስቀምጣችሁ በእጇ ለኩ።
3. ረከቦቱን፣ ጀበናውንና ከሰል ምድጃውን ሙሉ በሙሉ ወደ ቀረችው በኩል አድርጉ።
4. ቄጠማ መጋጠሚያው ላይ አትጎዝጉዙ። ሰው በረገጠው ቁጥር ቦታውን ይለውጣል፣ እየቆየም ይጠወልጋል። በሁለቱ ቅጂዎች አንድ ዓይነት ሆኖ አይገኝም። ግራና ቀኝ በትኑት፣ መሃሉን እንደ መተላለፊያ ክፍት ተዉት።
5. ሁለቱም አብረው የሚታዩበት ሰፊው ምስል ተቀርጾ እስኪያልቅ ዕጣን አታጭሱ። ጭሱ መጋጠሚያው ጋ ሲደርስ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ጭሱን ለብቻው በቅርብ ቅረጹት።
6. መጋረጃውን በፒን ያዙት።

ብርሃን ላይ እኔ ዋጋ ከፍያለሁ። የመጀመሪያዋን ቅጂ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ቀረጽን። ልብስ መቀየር፣ ጸጉር መሥራት፣ ጎረቤት ሰላም ማለት እያለ 40 ደቂቃ ሄደ። ሁለተኛውን ስንቀርጽ ፀሐዩ መስኮቱን አልፎ ወለሉ ላይ ደርሷል። ሁለቱን ሳጋጥማቸው አንዷ ጠዋት፣ ሌላዋ ከሰዓት በኋላ ቡና የሚጠጡ መሰሉ። ቀኑን ሙሉ የተሠራው ተጣለ። አሁን መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ ዘግቼ በአምፖል እቀርጻለሁ። መስኮቱን የግድ ከፈለጋችሁት ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበትን ይሁን፤ ሁለቱንም ቅጂ በ15 ደቂቃ ውስጥ ጨርሱ።

ደረጃ 4፦ ስልኩን ቆልፉት

ስልክ ራሱን ያስተካክላል። ነጭ ነጠላ ሲያይ ያጨልማል፣ ጥቁር ልብስ ሲያይ ያበራል። እናንተ የምትፈልጉት የማያስብ ካሜራ ነው። ብላክማጂክ ካሜራ የሚባለው አፕ በነጻ ይወርዳል፤ የእናንተ አንድሮይድ ካልተቀበለው የስልኩን ፕሮ ቪዲዮ ተጠቀሙ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ስልኩን በአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉ። የአክስት ጥሪ መሃል ገብቶ ቀረጻ ሲያቋርጥ አይቻለሁ።
2. ዋናውን ሌንስ ምረጡ፣ በራሱ ሌንስ እንዳይቀይር አድርጉ። ኤችዲአርን (ብርሃንና ጥላን በራሱ የሚያመጣጥነውን) አጥፉ።
3. ማረጋጊያውን አጥፉ። በእጅ ሲቀረጽ የሚጠቅመው ትራይፖድ ላይ ምስሉን በቀስታ ያንሳፍፈዋል።
4. በ4ኬ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሻተር (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በዚህ ቁጥር አምፖሉ ብልጭ ድርግም አይልም።
5. አይኤስኦውን (ካሜራው ምስሉን የሚያደምቅበትን መጠን) ቁጥር ላይ አቁሙት።
6. ዋይት ባላንሱን (ምስሉ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያዘነብልበትን) ቁጥር ላይ አቁሙት፦ ለቀን ብርሃን 5600፣ ለቢጫ አምፖል 3200 ጀምራችሁ በዓይናችሁ አስተካክሉ።
7. ተተኪዋን በርጩማው ላይ አስቀምጣችሁ ፎከስ አድርጉና ቆልፉ።
8. የትራይፖዱን ሦስት እግሮችና የበርጩማዎቹን እግሮች በሙሉ መሬት ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ።
9. ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ወይም የስክሪኑን ፎቶ በሌላ ስልክ አንሱ። አፑ ቢዘጋ መልሳችሁ የምታገኙት ከዚያ ነው።

ከዚህ በኋላ ስልኩን በጣት መንካት ክልክል ነው። ማስጀመሪያውን የሚነካ አንድ ሰው መድቡ፤ እሱም በቀስታ። ተዋናይቷ ልብስ ልትቀይር ስትወጣ በካሜራው በኩል አትለፍ። ትራይፖድ የሚገጨው ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ነው።

ደረጃ 5፦ የሄደችውን መጀመሪያ ቅረጹ

ለምን እሷን? ሁለተኛዋ ኢርፎን ማድረግ ስላለባት። የቀረችው ነጠላ ተከናንባለች፣ ጆሮዋ አይታይም።

1. ሰው ከመቀመጡ በፊት ባዶውን ክፍል 30 ሰከንድ ቅረጹ፣ በምስልም በድምፅም። አሁን ቀላል የሚመስለው ይህ ነገር በኋላ ያድናችኋል።
2. ተተኪዋ በቀረችው በርጩማ ላይ ትቀመጥ። የቀረችውን ንግግር በተራ ድምፅ ታንብብ።
3. ተዋናይቷ የተተኪዋን አንድ ዓይን ብቻ ትይ፣ ለካሜራው የቀረበውን። ሁለቱን ዓይን እያፈራረቀች ካየች እይታዋ ይዋልላል።
4. ንግግሮቹ አይደራረቡ። አንዷ ስትጨርስ አንድ ትንፋሽ ይጠበቅ።
5. ድምፅ የሚቀዳውን ስልክ ከምስሉ ውጪ፣ በተቻለ መጠን ወደ አፏ አቅርቡት። ሲጀመር አንድ ጊዜ አጨብጭቡ።

"ቆራሌው!" የሚለው ሰውዬ በዚህ ሰዓት ካለፈ ቁሙና እስኪርቅ ጠብቁ። ድምፁ አንዷ ጋ ብቻ ስለሚገባ ኤዲት ላይ በግማሽ ተቆርጦ ይቀራል።

የተሳካውን ቅጂ ወዲያው ምረጡ። "በኋላ እናያለን" የለም፤ ሁለተኛዋ የምትተውነው ከዚህች ጋር ነው።

ደረጃ 6፦ የቀረችውን ቅረጹ

1. የመረጣችሁትን ድምፅ ተዋናይቷ ጆሮ ላይ ክፈቱላት፣ በአንድ ኢርፎን ብቻ፣ ከካሜራው በራቀው ጆሮ።
2. ተተኪዋ በሄደችው በርጩማ ላይ ትቀመጥ፣ አሁን ግን ዝም ትበል። የምትፈለገው ለዓይን ማረፊያ ነው።
3. ከመጀመራችሁ በፊት የመጀመሪያውን ቅጂ በሌላ ስልክ ከፍታችሁ ጎን ለጎን አወዳድሩ። ጀበናው ዞሯል? በሩ ትንሽ ተከፍቷል?
4. ከአንድ ጊዜ በላይ፣ ቢያንስ አምስቴ ቅረጹ። መስማት ብቻ የሚታይባቸው ቦታዎች ላይ ብዙ ጀማሪ ይወድቃል። ተዋናይቷ ድምፁን እየጠበቀች እንዳለች ፊቷ ያስታውቃል። መድኃኒቱ እጇን ሥራ ማስያዝ ነው። ስኒ ትጠብ፣ ከሰል ታራግብ። የሚሠራ እጅ ያላት ሴት ስትሰማ እውነት ትመስላለች።

ደረጃ 7፦ ስኒዋን አቀባብሉ

ሰፊው ምስል ላይ ስኒ ከእጅ ወደ እጅ አይሻገርም። አትሞክሩት። ለሦስት ቁረጡት፦

1. በሰፊው ምስል የቀረችው ስኒውን አንስታ ክንዷን መዘርጋት ትጀምራለች። እጇ መጋጠሚያው ጋ ከመድረሱ በፊት ቁረጡ።
2. በቅርብ ምስል ሁለት እጆችና አንድ ስኒ። አንዱ እጅ የተዋናይቷ፣ ሌላው የተተኪዋ። እጅጌው፣ ቀለበቱና ጥፍሩ ትክክል ይሁን። ተተኪዋ ሂና ካላት እጆቹን ቀያይሩ፣ ካልሆነም ሌላ ተተኪ ፈልጉ። ሽርፉ ጠርዝ ወደ ካሜራው ይዙር።
3. ወደ ሰፊው ምስል ስትመለሱ ስኒው የሄደችው አፍ ጋ ደርሷል።

ከኋላ የሚታይ ትከሻም ከተተኪዋ ተበደሩ። በተዋናይቷ ፊት ላይ ትንሽ ትከሻና የጸጉር ጫፍ ከገባ፣ ተመልካቹ ሁለት ሰው እንዳለ ማመን ይጀምራል። እንዲያውም ከሰፊው ምስል የበለጠ የሚያሳምነው ይህ ነው።

ደረጃ 8፦ አንድ እርምጃ፣ ሁለት አገር

የሙከራ ፊልም ሠሪዋ ማያ ዴረን አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1943 በሠራችው የ14 ደቂቃ ገደማ ፊልም ውስጥ አንዲት ሴት ጥቂት እርምጃ ትራመዳለች፤ እግሯ አንዴ አሸዋ ላይ፣ አንዴ ሣር ላይ፣ አንዴ ምንጣፍ ላይ ያርፋል። ወጪ የለውም፣ እናንተም ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። እግሯ ከእናቷ ቤት ደጃፍ ይነሳ፣ ሜሪላንድ አስፋልት ላይ ይረፍ።

እዚያ ያለ ዘመድ በስልኩ ይቀርጽላችኋል። ትእዛዙ ግን በቁጥር ይሁን፦ ስልኩ መሬት ላይ፣ በቁርጭምጭሚት ከፍታ፤ እግሩ ከግራ ወደ ቀኝ፤ ያው ዓይነት ጫማ፤ በሰከንድ 25 ፍሬም። ውጪ በቀን ከሆነ ይህ ይበቃል። ቤት ውስጥ በአምፖል ከሆነ ግን የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ስለሆነ ሻተሩን 1/60 ያድርገው። ሳውዲ ያለ ዘመድም እንደዚሁ 60 ነው። ኤምሬትስ፣ እስራኤልና አውሮፓ እንደኛ 50 ናቸው። ሲልክላችሁ በቴሌግራም "ፋይል" አድርጎ ይላከው፤ እንደ ቪዲዮ ከላከው ተጨምቆ ይደርሳችኋል።

መቁረጫው እግሩ አየር ላይ ሳለ ነው፤ መሬት ከነካ በኋላ ከቆረጣችሁ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይመስላሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ለቀጠሮው ጠዋት ትዕይንት ብላችሁ ኤምባሲ በር ላይ ካሜራ አትደቅኑ፤ ጥበቃዎቹ ያስቆሟችኋል። የሰልፍ ድምፅ፣ የሰነድ ፌስታል የያዘ እጅና የጠዋት ብርድ ይበቃል።

ደረጃ 9፦ አጋጥሙ

ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የቪዲዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራም በነጻው ዓይነት ይሠራል፤ ኮምፒውተር ከሌላችሁ ካፕካት ይበቃል።

1. አንዱን ቅጂ ታች፣ ሌላውን ከላዩ አስቀምጡ። ንግግሩን በጭብጨባው አግጥሙ።
2. ሪዞልቭ ላይ የላይኛውን መርጣችሁ ኢንስፔክተር ውስጥ "ክሮፒንግ" የሚለውን ክፈቱ። የማያስፈልገውን ጎን እስከ መጋጠሚያው ቁረጡ፣ ከዚያ "ሶፍትነስ" የሚለውን በትንሹ ጨምሩ። ካፕካት ላይ ሁለተኛውን ቅጂ እንደ ኦቨርሌይ አስገብታችሁ "ማስክ" ውስጥ ምስሉን በመስመር የሚከፍለውን ምረጡ፤ መስመሩን አቁሙትና ጠርዙን አለስልሱ።
3. ጠርዙን በጣም አታለስልሱ። ከበዛ መሃሉ ላይ ጭጋግ ይቆማል።
4. ያን የ30 ሰከንድ የባዶ ክፍል ድምፅ ከሁሉም ሥር ዘርጉት።
5. ሁለቱን አንድ ክሊፕ አድርጋችሁ በጣም በቀስታ ዙም አድርጉ፣ ከ100 ወደ 106 ያህል። በ4ኬ ስለቀረጻችሁ ጥራቱ ብዙም አይጎዳም። ተመልካች የሚንቀሳቀስ ካሜራ ሲያይ መጋጠሚያ መፈለጉን ይተዋል።

ሲበላሽ

*መስመሩ ይታያል።* የብርሃን ልዩነት ነው። የጨለመውን ቅጂ ብቻ በትንሹ አብሩት። ካልሆነ መስመሩን ወደ በር መቃኑ ግፉት። ቀጥ ያለ መሆን የለበትም፤ በማስክ አጠማዛችሁ በዕቃዎች ጠርዝ ላይ ማሳለፍ ትችላላችሁ።

*ትራይፖዱ ትንሽ ተነቃንቋል።* የላይኛውን ቅጂ በጣም በጥቂቱ አሳድጋችሁ የበሩ ጠርዝ እስኪገጥም ግፉት። ስልኩ ዞሮ ከሆነ ግን አትድከሙ፣ ድጋሚ ቅረጹ።

*ክርን ወይም ጥላ መጋጠሚያውን አልፏል።* ያቺን ሰከንድ በቅርብ ምስል ሸፍኑ። የስኒው ምስል ለዚህም ይሆናል። ለዚህ ነው ከሚያስፈልጋችሁ በላይ የቅርብ ምስል መቅረጽ ያለባችሁ።

*መብራት በሁለቱ ቅጂዎች መሃል ጠፋ።* በባትሪ መብራት አትቀጥሉ። ምንም ሳትነኩ ጠብቁ። ከአንድ ሰዓት ካለፈ የባትሪ መብራቱን አቁማችሁ ሁለቱንም እንደ አዲስ።

*አይተያዩም።* አንዷ ከፍ፣ ሌላዋ ዝቅ ብላ ታያለች። ይህን ኤዲት አያስተካክለውም። ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ። ለተተኪዋ ግንባር ላይ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፉ፣ ተዋናይቷ እሱን ትይ። ከሰሉም ከጠፋ ጀበናውን እንደገና ጣዱ፤ ቀዝቃዛ ቡና የምትጠጣ ተዋናይት ፊቷ ላይ ያስታውቃል።